መታወቂያው ማንን አስቀረ? የአንድ ምርጫ ጣቢያ ጉዳይ ከአራዳ

የስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ቀን፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሰኞ ነበር። ምርጫ ጣቢያው የሚከፈተው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። እኔ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ሰልፉ ድንኳኑን አልፎ፣ ኪዮስኩን አልፎ፣ ወደ ቁልቁለቱ ታጥፏል። ሰፈራችን በአራት ኪሎና በፒያሳ መሀል፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። የቆርቆሮ አጥር፣ የጋራ ቧንቧ፣ አንዱ የቀበሌ ቤት በሌላው ላይ የተደገፈበት ሰፈር። ሰዉ ጋቢውን ደርቧል፣ ጭምብሉን አገጩ ላይ አውርዷል። ሁሉም በእጁ ሁለት ነገር ይዟል፦ የመራጭነት ካርድና መታወቂያ።

ይህን የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው። "መታወቂያ በደንብ ከተጠየቀ ምርጫ አይጭበረበርም" የሚል ሰው ብዙ ነው። "መታወቂያ መጠየቅ ደሃን ከሰልፍ ማስወጣት ነው" የሚልም አለ። ሁለቱም ወገን ሲከራከር አንድም ቀን አንድ ጣቢያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተከታተለ አይመስለኝም። እኔ የራሴን ልንገራችሁ። ውጭውን ያየሁት እኔ ነኝ። የድንኳኑን ውስጥ የነገረኝ ደግሞ የአንድ ተቃዋሚ ፓርቲ ወኪል ሆኖ ከጠዋት እስከ ማግስቱ ንጋት የተቀመጠ አብሮ አደጌ ነው።

መጀመሪያ ሕጉ። ምርጫው የተካሄደው በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። ለመምረጥ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። ስትመዘገብ መታወቂያ ታሳያለህ፣ ስምህ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ በእስክሪብቶ የተሞላ ካርድ ይሰጥሃል። በድምፅ መስጫው ቀን አስፈጻሚዋ ካርድህንና መታወቂያህን ታያለች፣ ስምህን ከመዝገቡ ትፈልጋለች፣ ትፈርማለህ፣ ጣትህ የማይለቅ ቀለም ይቀባል። ከዚያ ድምፅ መስጫ ወረቀትህን ተቀብለህ ወደ መጋረጃው ትገባለህ። አዲስ አበባ ላይ ወረቀቱ ሁለት ነበር፤ አንዱ ከተማዋ 23 መቀመጫ ላላት የተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው 138 መቀመጫ ላለው የከተማው ምክር ቤት።

እዚህ ላይ የቱ ምን እንደሚከለክል እንለይ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመርጥ የሚይዘው ቀለሙና መዝገቡ ነው። ያልተመዘገበ ሰው እንዳይገባ የሚይዘው መዝገቡ ነው። መታወቂያው የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በሌላ ሰው ስም የመጣውን።

እሱም መጣ። ከረፋዱ 4 ሰዓት አካባቢ አንድ ወጣት የወንድሙን ካርድ ይዞ ቀረበ። ወንድሙ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል። መታወቂያውንም ጥሎለት ሄዷል። አስፈጻሚዋ ፎቶውን አየች፣ ልጁን አየች።

"ይሄ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ ያኔ ቀጭን ነበርኩ።"

ከጀርባ ሰዉ ሳቀ። ልጁን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ቀጭንም ሆኖ አያውቅም። ራሱ ቀደም ብሎ መርጦ ኖሮ ጣቱም ቀለም ነበረበት። መለሱት። ጓደኛዬ ቃለ ጉባኤ ይያዝ ብሎ ነበር፤ ልጁ ግን ካርዱን ነጥቆ ወጣ።

እንግዲህ መታወቂያው ሥራውን ሠራ ማለት ነው። ይህን አልክድም። ግን ጓደኛዬ በዚያ ድንኳን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ያየው እንዲህ ዓይነት ሰው እሱን ብቻ ነው። ብዙም አያስገርምም። በሌላ ሰው ስም ለመምረጥ ለአንድ ድምፅ ግማሽ ቀን መሰለፍ አለብህ። የሚያውቁህ ጎረቤቶች መሀል ትቆማለህ፣ ከተያዝክ ትታሰራለህ። ሌባም ሂሳብ ያውቃል።

ከልጁ ቀጥሎ አንዲት እናት ቀረቡ። ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ነው። ካርዳቸውም መታወቂያቸውም አለ፤ ሰፈር ውስጥ የማያውቃቸው ሰው የለም። ስማቸው ግን መዝገቡ ላይ ጠፋ። ምክንያቱን ለማግኘት ሩብ ሰዓት ፈጀ። በመታወቂያቸው ላይ ስማቸው በፀሐዩ "ፀ" ተጽፏል። የመዘገባቸው ልጅ ደግሞ በጸሎቱ "ጸ" ጽፎታል። አስፈጻሚዋ አንዱን ፊደል ብቻ ስትፈልግ ነበር። አማርኛችን ሁለት "ሰ"፣ ሁለት "አ"፣ ሁለት "ጸ"፣ ሦስት "ሀ" ይዞ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። "የኔ ልጅ፣ እኔ በየትኛው እንደምጻፍ አላውቅም፤ ፊደል አልቆጠርኩም" አሉ እናትየዋ። ተገኘላቸው፤ መረጡ። ሌላ ጣቢያ ላይ፣ ትዕግሥት ያነሰው አስፈጻሚ ቢሆን ኖሮ ወደ ቤታቸው ነበር።

ሦስተኛዋን ጣቢያው አላያትም። ጎረቤታችን ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ያኔ ሰፈሩ ውስጥ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ካርድ የላትም፣ ምክንያቱም አልተመዘገበችም። ያልተመዘገበችው መታወቂያ ስለሌላት ነው። መታወቂያ የሌላት ደግሞ ቀበሌ (ወረዳ ከሆነ ስንት ዓመቱ፣ ሰዉ ዛሬም ቀበሌ ነው የሚለው) "ከመጣሽበት መሸኛ አምጪ" ስላላት ነው። መሸኛ ለማምጣት ጎጃም ድረስ መሄድ አለባት። ያንን ያህል ፈቃድ የሚሰጣት የለም። መሸኛው ቢመጣም "እኔ ቤት ነው የምትኖረው" ብሎ የሚፈርምላት ባለቤት ያስፈልጋታል። አሠሪዋ ደግሞ በቀበሌ ቤት ነው የሚኖሩት፤ ስም ማስገባት ይፈራሉ። ነገ "ቤቱን ማን ይውረስ" የሚል ክርክር ይመጣብኛል ይላሉ።

በዚያ ሰፈር እንደ እሷ ያለው ብዙ ነው። በቀበሌ ቤት ደባል ሆኖ የሚኖር ተከራይ አለ፤ የቀበሌ ቤት ማከራየት ክልክል ስለሆነ አከራዩ ተከራዬ ነው ብሎ አይመሰክርለትም። ሊስትሮው፣ ጥበቃው፣ የጫኝና አውራጁ ልጅ አለ። መታወቂያ ለሌለው የአካባቢ ሰው መስክሮለት ማንነቱ የሚረጋገጥበት መንገድ እንዳለ ለልጅቷ ነግሬያት ነበር። "ጋሼ፣ ለእኔ ማን ሥራ ፈቶ ይሄዳል?" አለችኝ። እኔም አልሄድኩላትም። ዛሬም ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ምርጫው ከመድረሱ በፊት እናቴ መታወቂያዋን ልታሳድስ ወረዳ ሄደች። አብሬያት ነበርኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ማኅደሩን ገልጦ የቤተሰቡን ዝርዝር ማንበብ ጀመረ። እናቴን ጠራ፣ እኔን ጠራ፣ እህቴን ጠራ። ቀጥሎ ሁለት የማናውቃቸውን ስሞች ጠራ። እናቴ መጀመሪያ የተሳሳተ ማኅደር የከፈተ መሰላት። የቤት ቁጥሩን አየን፤ የእኛው ነው። ሁለት ሰዎች በቤታችን ቁጥር ነዋሪ ሆነው መታወቂያ ወስደዋል። ልጁም ደነገጠ መሰለኝ፣ ማኅደሩን ዘጋና "ስህተት ይሆናል፣ ይስተካከላል" አለ።

በ2011 እና በ2012 የከተማው ትልቁ ወሬ ይህ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ተቃዋሚዎች "መታወቂያ ለማይኖሩ ሰዎች ታድሏል" ይሉ ነበር፣ አስተዳደሩ ያስተባብላል። ከዚያ ወዲህም በሐሰተኛ ሰነድ መታወቂያ ሰጡ የተባሉ ሠራተኞች ተያዙ የሚል ዜና ተደጋግሞ ሰምተናል፤ አዲስ መታወቂያ መስጠትም በየጊዜው ሲታገድ አይተናል። እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። የኛን ቤት ቁጥር የተጠቀሙት ሁለት ሰዎች መታወቂያውን የፈለጉት ለምርጫ ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ላይ መታወቂያ ያለው ሰው ሥራ ያገኛል፣ ፓስፖርት ያወጣል፣ ለቤት ይመዘገባል። ለመምረጥ ብሎ ማን ይደክማል?

የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ እይታ ሲቀርብ ሄጄ አየሁ። ከሁለቱ የአንደኛው ስም አለ። መቃወም ይቻላል፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ቡናዋን እየቆላች ነበር።

"ተወው ልጄ" አለችኝ። "ነገ ጉዳይ ሲኖረኝ የማገኘው እነሱኑ ነው።"

ተውኩት። ስሙን ግን ለጓደኛዬ ነገርኩት።

በምርጫው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰውዬው መጣ። ጓደኛዬ ስሙ ሲጠራ ቀና አለ። በ30ዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጨዋ ሰው፤ ሰልፉን ጠብቆ ነው የገባው። ካርዱ ትክክል፣ መታወቂያው ትክክል፣ ፎቶው የራሱ፣ ስሙ መዝገብ ላይ አለ፣ ፊደሉም አልተዛነፈም። ፈረመ፣ ቀለም ተቀባ፣ መረጠ፣ ሄደ። ጓደኛዬ ምን ይበል? ሰውዬው የሌላ ሰው ስም አልያዘም። መታወቂያው ፎርጅድ አይደለም፣ ወረዳው ራሱ ያተመው ነው። ውሸቱ የቤት ቁጥሩ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ድንኳን ውስጥ የሚያጣራ የለም።

ስለዚህ በዚያ ቀን፣ በዚያ ጣቢያ፣ መታወቂያው የወንድሙን ካርድ የያዘውን ልጅ መለሰ። ከ70 በላይ የሆኑትን እናት አጉላላ። ሦስት ዓመት እዚያ የኖረችውን ልጅ ከመዝገቡ ውጭ አስቀረ። እዚያ ኖሮ የማያውቀውን ሰው በሙሉ ክብር አሳለፈ። ጥፋቱ የአስፈጻሚዋ አይደለም፤ እሷ እንደ ሕጉ ነው የሠራችው። መታወቂያ የሚታመነው የሰጠው መስኮት በሚታመነው ልክ ነው፤ ያ መስኮት ደግሞ በምርጫ ቦርድ ሥር አይደለም።

ሌሊቱ ደግሞ የራሱ ጉድ ነበረው። ሰልፉ ስላላለቀ ቦርዱ ሰዓቱን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አራዘመው። ከዚያ ቆጠራ። ኮሮጆው ተፈታ፣ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ፈሰሰ፣ አንድ በአንድ ከፍ እየተደረገ ተነበበ። ጓደኛዬ ዓይኑ እስኪቀላ ቆጠረ። ሁለት ወረቀት ስለነበረ ሁለት ጊዜ ነው የተቆጠረው። አንድ ጊዜ ድምሩ ከፈረሙት ሰዎች ቁጥር ጋር አልገጥም አለና እንደገና ከዜሮ ጀመሩ። ሁለት ወረቀት ተጣብቆ ነበር። ንጋት ላይ የውጤት ቅጹ ተሞላ፣ ወኪሎች ፈረሙ፣ ውጤቱ ውጭ ተለጠፈ። እኔ ማለዳ ሄጄ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፤ ብዙ ሰው ሲያነሳ ነበር። በእኔ አስተያየት በዚያ ጣቢያ ድምፅ እንዳይሰረቅ ከመታወቂያ በላይ የጠበቀን ያ የተለጠፈ ወረቀትና ያ እንቅልፍ ያጣ ወኪል ነው።

ወኪል በሌለበት ምን ይሆናል? በዚያው ዕለት የቦርዱ ሰብሳቢ ብርቱካን ሚደቅሳ በአማራና በደቡብ ክልሎች የተቃዋሚ ወኪሎች ከጣቢያ እየተባረሩ መሆናቸውን በይፋ ተናግረው ነበር። በሶማሌ ክልል ደግሞ በመራጭነት ካርድ እደላ ላይ አቤቱታ በዝቶ ቦርዱ በተወሰኑ ቦታዎች ምዝገባውን አቁሞ አጣርቷል፤ የክልሉ ምርጫም ወደ መስከረም 20 ቀን 2014 ተዛውሯል። ከእነዚህ ክሶች አንዱም "እገሌ እገሌን ነኝ ብሎ መረጠ" የሚል አልነበረም።

የኛ ሰው ይህን ከጥንትም ያውቀዋል፤ ቋንቋው ይመሰክራል። በአማርኛ የምርጫ ስርቆት ሲነሳ ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው "ኮሮጆ ግልበጣ" ነው። በሰው ስም ለሚመርጥ ግን ይህን ያህል የታወቀ ስም አላወጣንለትም። በግንቦት 7 ቀን 1997 ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። ከዚያ የመጣው ጠብ በዋናነት ስለ ቆጠራና ስለ ድምር ነበር። በሰኔና በጥቅምት ደም ፈሰሰ፤ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሰዎች መገደላቸውን ደረሰበት። ያን ጊዜ መታወቂያ አልታየም ብሎ የጮኸ ሰው ትዝ አይለኝም።

ውጭ ሀገርም ነገሩ ይመሳሰላል። አሜሪካ ውስጥ አንድ የሕግ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2014 ከተሰጠው ከ1 ቢሊዮን በላይ ድምፅ ውስጥ በሌላ ሰው ስም ስለመምረጥ ተዓማኒ ሆኖ ያገኘው 31 ጉዳይ ነው። "መታወቂያ ካልተጠየቀ አስመሳዩ በምን ይታወቃል?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ የእኛን "ቀጭን" ልጅ ያስያዘው ፎቶው ነው። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ በሰው ስም መምረጥ የምር ሥጋት ስለነበረ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ባለፎቶ መታወቂያ ግዴታ ሆኗል። እንግሊዝ ግን ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ2023 የአካባቢ ምርጫ ላይ ስትጀምር 14,000 ያህል ሰው ከጣቢያ ተመልሶ ሳይመርጥ ቀረ።

ማላዊ ደግሞ መራጮቿን በብሔራዊ መታወቂያ መዘገበች። እ.ኤ.አ. የ2019 ምርጫዋ ግን በ2020 በፍርድ ቤት ተሰረዘ። ምክንያቱ? ከጉድለቶቹ መሀል የውጤት ቅጾች ላይ ቁጥር በማጥፊያ ቀለም (ቲፕ-ኤክስ) ጠፍቶ ተገኘ። አንዲት ነጭ ቀለም ብልቃጥ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 መራጩን በጣት አሻራ ለየች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምርጫውን የሻረው በዋናነት በውጤት አላላኩ ላይ ባገኘው ጉድለት ነው።

አሁን ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያው ፋይዳ መጥቷል። አሥሩ ጣትህ፣ ዓይንህና ፊትህ ይመዘገባል፣ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጥሃል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ ሆኗል። ጓደኛዬ "በቃ ተገላገልን፣ አንድ ሰው አንድ ቁጥር" ይላል። በከፊል ልክ ነው። አንድ ሰው በሁለት ስም እንዳይመዘገብ ያደርጋል፣ የ"ፀ" እና የ"ጸ"ንም ጣጣ ይገላግላል። ግን ፋይዳ የዜግነት ማስረጃ አይደለም፤ እዚህ የሚኖር የውጭ ዜጋም ይወስደዋል። የት ሰፈር ለ6 ወር እንደኖርክም አይመሰክርም። በእኛ ቤት ቁጥር የተመዘገበው ጨዋ ሰው ፋይዳ ቢያወጣ አሻራው የራሱ፣ ዓይኑም የራሱ ነው። የውሸቱን የቤት ቁጥር ግን ማንም አይነካበትም።

ባለፈው ያችን ልጅ ፒያሳ አገኘኋት። ሰፈሩ ፈርሶ አሠሪዋ ወደ ዳር ተነስተዋል፤ እሷ ሌላ ቤት ገብታለች። ባንክ ስለጠየቃት ፋይዳ አውጥታለች። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ፤ በፕላስቲክ አስለብጣዋለች።

"ጋሼ፣ በዚህ መምረጥ ይቻላል?" አለችኝ።

ማን መሆኗን ያሳያል፣ የት እንደምትኖር ግን አያሳይም አልኳት። ለዚያ ስድስት ወር እዚህ መኖሯ መረጋገጥ እንዳለበት ነገርኳት።

"ስድስት ወር?" አለች። ወረቀቱን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። "ከመጣሁ እኮ ስንት ዓመቴ ነው፤ መስካሪ ነው ያጣሁት።"

በዚህኛው ሰፈር ለመመስከር እኔ ብቁ አይደለሁም። ስልኳን ግን ተቀብያታለሁ፣ አዲሷን አሠሪዋንም ላነጋግርላት ቅዳሜ ተቀጣጥረናል።